ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፦ ኤም ኤስ ያለባት ሴት፣ እንቅስቃሴና የመኝታ ቤት ጉዳይ

ጥያቄ

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ዓይኔ ደበዘዘ፣ ቆይቶ ከወገቤ በታች ደነዘዝኩ፤ ኤም አር አይ ተነሥቼ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) ነው ተባልኩ። ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሥራዬንም አልተውኩም። ማታ ማታ ግን እግሬ ይገታተራል፣ ድካሙም ሌላ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን ወራት አለፉ። ፍላጎቱ ቢመጣም ሰውነቴ አይሰማኝም፤ አንዳንዴ ያመኛል፤ ሽንት ያመልጠኛል ብዬም እሰጋለሁ። ጓደኛዬ ስፖርት ጀምሪ፣ ሁሉም ይመለስልሻል ትለኛለች። ቤተሰብ ደግሞ ራስሽን አታድክሚ ይላል። አንድ ቀን ፈጠን ብዬ ስራመድ ዓይኔ ደበዘዘብኝ፤ ተቀምጬ ሳርፍ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፈርቼ ተውኩት። ስፖርት ይጎዳኛል ወይስ ይጠቅመኛል? ለዚህኛው ጉዳይስ ያግዛል? አንዲት ዘመዴ የወይባ ጭስ ግቢ እያለችኝ ነው። ጾምና ስግደትስ? ባለቤቴንስ ይዤው ልምጣ? ለሐኪሜ መናገር አፍሬ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት።»

ምላሽ

እህቴ፣ «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚኝ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በ«እርስዎ» አይወራም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ መሃል አዲስ አበባ ላይ የነርቭ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ነው የማሠራው። መድኃኒት የሚያዝልሽ የነርቭ ሐኪምሽ ነው። እኔ የማውቀው ጡንቻን፣ ድካምን፣ ሙቀትንና ሽንትን ነው፤ እንደማየው ጥያቄሽም ያለው እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሀፍረቱ። እኔ ጋ የሚመጡ ሴቶች ይህን ነገር የሚያነሡት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ሲያርፍ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ግን ይቅር» ይላሉ። ይቅር የሚባለው ነገር ግን ብርቅ አይደለም። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ኤም ኤስ ካለባቸው ሴቶች ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በግብረ ሥጋ ግንኙነታቸው ላይ ችግር እንዳለ ተናግረዋል። ቁጥሩ እንዲህ የሚራራቀው አጠያየቁ ስለሚለያይ ነው። በሽታው ራሱ ሴትን ከወንድ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል፤ ባብዛኛው የሚጀምረውም ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ፣ ሰው በሚያገባበትና በሚወልድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽን ብትጠይቂው አዲስ ነገር አይሆንበትም። ማፈር ካለበት ሳይጠይቅሽ የቀረው እሱ ነው ብል ባልደረቦቼ ይታዘቡኝ ይሆናል፤ ይታዘቡኝ።

አሁን ወደዚያች ዓይንሽ ወደደበዘዘባት ቀን እንመለስ፤ ቀሪው ሁሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነውና። ነርቭ ማይሊን በሚባል ሽፋን ተሸፍኗል። ኤም ኤስ ማለት የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ይህን ሽፋን ሲልጥ ነው። የተላጠው ነርቭ መልእክት ማስተላለፉን ይቀጥላል፤ ግን ለጥቂት ነው የሚይዘው። የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል እንኳ ሲጨምር መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰውነት ሲበርድ መልእክቱ እንደገና ያልፋል። ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ይህንን እ.ኤ.አ. በ1890 አስተውሎ ጽፎታል፤ ታካሚዎቹ ሲደክሙ ዓይናቸው ይደበዝዝና ሲያርፉ ይመለስ ነበር። አንቺ ላይ የደረሰው ያው ነው። ያስደነግጣል፣ ግን ነርቩን አልጎዳም፤ በሽታውንም አላባሰም።

የሕክምናው ዓለም ራሱ ይህን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ምልክቱ ይባስ እንደሆነ ያዩ ነበር፤ ያ ነበር ምርመራው። ምልክቱ በሙቀት መባሱን ሲያዩም «እንግዲያው ድካም ጠላትሽ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለው ምክር ለአሥርት ዓመታት ጸና። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ፔታጃንና ባልደረቦቹ ኤም ኤስ ያለባቸውን ሰዎች ለ15 ሳምንት የልብና የሳንባ ብርታት የሚሰጥ ስፖርት አሠርተው ብርታታቸውና ኑሯቸው መሻሻሉን ሲያሳዩ ነው ነገሩ መገልበጥ የጀመረው። ዛሬ ምክሩ ተቃራኒው ነው። ቤተሰብሽ «ራስሽን አታድክሚ» ሲል በፍቅር ነው፤ ግን የሚያስተጋባው የዱሮውን ሐኪም ነው። ቁጭ ባልሽ ቁጥር ጡንቻሽ ይሟሟል፣ ልብሽ ይሰንፋል፤ ከዚያ ሦስት ፎቅ መውጣት በራሱ ሙቀትና ድካም ይሆንብሻል። የበሽታው ያልሆነ ድካም በበሽታው ላይ ይደረባል ማለት ነው።

ድንገተኛውን ከተለመደው የምትለዪበት መንገድ አለ። ሙቀት ያመጣው ምልክት ሰውነትሽ ሲበርድ ይለቅሻል፤ ባብዛኛው ከአንድ ሰዓት አይዘልም። ከዚህ በፊት የማታውቂው ምልክት ከመጣ፣ ወይም የድሮው ብሶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ እሱ ማገርሸት ሊሆን ስለሚችል ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። እግሮችሽ በድንገት ከከዱሽና ሽንትሽ አልወጣ ካለ ደግሞ የቀጠሮ ቀን አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል ግቢ። ሽንት ሲያቃጥልሽና ትኩሳት ሲኖርሽም ምልክትሽ ሁሉ ሊባባስ ይችላል፤ ያኔ የሚታከመው የሽንት ቧንቧው ኢንፌክሽን ነው።

ሙቀት ምልክትን ያብሳል የሚለውን ፍልውሃን ለሚወዱ ታካሚዎቼም እነግራለሁ። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ የሳባቸው ያ ውሃ ነበርና ክብሩን አልነካም፤ ግን ሙቀት የሚያብስባት ሴት ብቻዋን ገብታ ብትዘፈዘፍ እግሯ ከድቷት ከገንዳው መውጣት ሊያቅታት ይችላል።

ወደ መኝታ ቤቱ ልግባ። ፎሊና አይቨርሰን የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1992 የኤም ኤስን የግንኙነት ችግር በሦስት ደርዝ ከፍለውታል፤ እስከ ዛሬ የምንሠራበት ስለሚያዋጣ ነው። አንደኛው ነርቩ ራሱ የሚያመጣው ነው። ከህብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ የሚወጡት ነርቮች ሽንትን፣ ሰገራንና ብልትን አንድ ላይ ነው የሚያዝዙት፤ እነሱ ላይ መልእክት ሲቋረጥ መደንዘዝ፣ የእርጥበት ማነስ፣ እርካታ ላይ ያለመድረስ ይመጣል። ሁለተኛው በሽታው በሌላ በኩል የሚያመጣው ነው፦ ድካሙ፣ የጭን መገታተሩ፣ የሽንቱ ስጋት፣ ሕመሙ። ሦስተኛው በልብና በቤት ውስጥ ያለው ነው፤ «እንደ ድሮዬ ሴት አይደለሁም» የሚለው ሐሳብ፣ ድብርቱ፣ ባል አስታማሚ ሲሆን የሚጠፋው ጨዋታ። ጽሑፍሽን ሳነብ ሦስቱም አሉብሽ። ግን ልብ በይ፦ ፍላጎቱ እንዳልጠፋ ራስሽ ጽፈሻል። በመንገዱ ላይ የቆሙት አብዛኞቹ ነገሮች ሁለተኛው ደርዝ ላይ ናቸው፤ እንቅስቃሴ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚሠራው እዚያ ነው።

ለዚህም ነው የጓደኛሽን «ሁሉም ይመለስልሻል» የማልደግመው። ስፖርት የተላጠ ማይሊን አይሸፍንም። የደነዘዘውን ቆዳ እንደ ድሮው አያደርገውም። የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ድካሙን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያስተካክላል፣ ድብርትን ያቀልላል፣ ጭንን ያላላል፣ ሽንት የምንይዝበትን ጡንቻ ያጠነክራል፤ እነዚህ ሲቃለሉ ግንኙነቱ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል። ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኢራን ውስጥ ኤም ኤስ ያለባቸው ሴቶች ለ8 ሳምንት፣ አንዳንዶቹ በሳምንት 2 ቀን፣ አንዳንዶቹ 3 ቀን ስፖርት ሠርተው የግንኙነት ችግራቸው መሻሻሉን የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ብራዚል ውስጥም የዳሌ ወለል ጡንቻን፣ ያንኑ ሽንት የምንይዝበትን፣ ያሠለጠኑ ሴቶች ላይ መሻሻል ታይቷል። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጠቁሙት፣ እኔም በሥራዬ የማየው ያንኑ ነው።

ታዲያ ከምን ትጀምሪ? ከእግር ጉዞ። ለኤም ኤስ የወጣው የካናዳ መመሪያ (እ.ኤ.አ. 2013) ቀላልና መካከለኛ አቅም ማጣት ላለባቸው አዋቂዎች የሚለው በሳምንት 2 ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ዛሬውኑ አልልሽም። አሥር ደቂቃ ሂጂ፤ እያወራሽ መራመድ የምትችዪበት ፍጥነት ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። አዲስ አበባ ለዚህ የተባረከች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጥነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያለውን ብርድ ሌላ አገር ያሉ ኤም ኤስ ታካሚዎች የሚያቀዘቅዝ ጃኬት ገዝተው ነው የሚያገኙት። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ በጠዋት ውጪ፤ መቀመጫም አለው፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ አረፍ ትዪበታለሽ። ከለገሃር ሽቅብ በቸርችል ጎዳና መውጣቱን ግን ለሁለተኛው ወር አቆዪው፤ ያ ዳገት ጤነኛውንም ያስተነፍሳል። እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ ሰው ሲሮጥ አይተሽ አትቅኚ፣ ከማንም ጋር አትወዳደሪም። ከመውጣትሽ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪ፣ ፊትሽንና ክንድሽን በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅለቂ፣ ሳሳ ያለ ልብስ ደራርበሽ ልበሺና ሲሞቅሽ አውልቂ።

እዚህ ላይ አንድ ጠብ አለን፣ እኔና ታካሚዎቼ። መስኮት ክፈቱ ስል «ንፋስ ይመታኛል» ይሉኛል። ብዙዎቹ ሕመሙ ሲጀምራቸው «ሚች ነው፣ ንፋስ ነው» ተብለው ዳማከሴ ሲታሹ የከረሙ ናቸውና ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ኤም ኤስን ንፋስ አያመጣውም። የኤም ኤስ ታካሚ ጠላት የተዘጋ መስኮትና ሦስት ብርድ ልብስ ነው። ይህ ለመኝታ ቤትም ይሠራል፦ ግንኙነት ራሱ ሁለት ፎቅ ደረጃ እንደመውጣት ያለ ሥራ ነው፣ ሰውነት ያሞቃል፤ መሃል ላይ ስሜትሽ ቢጠፋ ወይም እግርሽ ቢዝል ያው የኡትሆፍ ነገር ሊሆን ይችላል። መስኮቱን በትንሹ ከፈት፣ ከዚያ በፊት ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ሻወር፣ ከላይ አንሶላ ብቻ። እንዲህ ትንሽ በመሰለ ነገር ብቻ ለውጥ ያዩ ባልና ሚስቶች አሉ።

የጡንቻ ማጠንከሪያው ቤትሽ ውስጥ ነው። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስጠግተሽ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፤ ስምንት ጊዜ፣ አረፍ፣ እንደገና ስምንት። ደረጃውንም ቁጠሪው፣ ስፖርት ነው። ግን ጄሪካን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ስፖርት አይባልም፤ እሱን ባለቤትሽ ወይም ጎረምሳ ይሸከመው።

ማታ ለሚገታተረው ጭንሽ፦ አልጋ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ የውስጥ እግሮችሽን አገናኝተሽ ጉልበቶችሽ ቀስ ብለው ወደ ጎን እንዲወድቁ ተያቸው። ትራስ ይደግፋቸው። አንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ እየተነፈስሽ ቆዪ፤ ሦስት ጊዜ። በጉልበት አትጫኚው፣ የተገታተረ ጡንቻ በድንገት ሲሳብ ይብስበታል። ይህን ማታ ማታ አድርጊው፤ ከግንኙነት በፊት ደግሞ ባለቤትሽ ጭንሽን ቀስ አድርጎ እያሸ ቢያግዝሽ ፊዚዮቴራፒም ጨዋታም ነው። የተገታተረ ጡንቻን የሚያላላውን መድኃኒት፣ ባክሎፌንን፣ የምትወስጂ ከሆነ የመዋጫውን ሰዓት ከዚያ ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ሐኪምሽን ጠይቂ። በራስሽ ግን ድንገት አታቋርጪው፤ ባክሎፌን በድንገት ሲቆም እስከሚጥል በሽታ የሚያደርስ አደጋ አለው። አቀማመጥን በተመለከተ፣ በጎን ተኝቶ፣ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርጎ፣ እሱ ከኋላሽ ሲሆን ለሚገታተር ጭን ይቀላል።

የዳሌ ወለል ጡንቻ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አርኖልድ ኬገል የተባለ አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቀው ወዲህ «ጨብጪው፣ ልቀቂው» የሚለው ልምምድ ለሁሉም ሴት እንደ መድኃኒት ይታደላል። አንቺ ግን «ያመኛል» ብለሻል። በኤም ኤስ ይህ ጡንቻ ደካማም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ጭንሽ የተገታተረም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ሁለቱንም። የተገታተረውን ሳያላሉ ማጠንከር ሕመሙን ያብሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መልቀቅን ብቻ ተለማመጂ። በጎንሽ ተኚ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፣ ሆድሽ እስኪነፋ በአፍንጫሽ ሳቢ፤ አየሩ ሲገባ ከታች ያለው ጡንቻ እንደ መሶብ ክዳን ተገልብጦ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማሽ። ስታስወጪ አትጨብጪ፣ ዝም ብለሽ ተዪው። አምስት ደቂቃ፣ ቀን በቀን።

መልቀቁን ስታውቂው ወደ መጨበጡ ግቢ። ፈስ እንዳያመልጥ እንደምንይዘው ዓይነት ነው፤ ሆድሽና ቂጥሽ ሳይጨማደድ፣ ትንፋሽሽን ሳትይዢ። ሦስት ሰከንድ ያዢ፣ ስድስት ሰከንድ ልቀቂ፣ ስምንት ጊዜ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ከሳምንታት በኋላ መያዙ ወደ አምስትና ከዚያም በላይ ያድጋል። ውጤቱን ከሦስት ወር በፊት አትፍረጂ። ሽንት ቤት ተቀምጠሽ ሽንት እየቆረጥሽ ግን አትለማመጂ፤ ፊኛሽ ሳይራገፍ እንዲቀር ያስለምደዋል። ከደነዘዝሽ መጨበጥሽን ላታውቂ ትችያለሽ፤ ያኔ የሴት ፊዚዮቴራፒስት ወይም የማኅፀን ሐኪም በጣቷ ፈትሻ ልትነግርሽ ይገባል፤ በግምት ወር ሙሉ ከመልፋት አንድ ቀን መታየት ይሻላል። ይህ ጡንቻ ሽንትን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በእርካታ ጊዜ የሚኮማተረው እሱ ነው፣ ሲጠነክር ስሜቱም ይጎላል።

ሽንቱን በተመለከተ ቀላል ነገር ልንገርሽ። ለግንኙነት ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር መጠጣት ቀንሺ፣ ቡናና ሻይ በተለይ፤ ከዚያ ልክ ከመጀመራችሁ በፊት ሽንት ቤት ሂጂ። ፎጣ አንጥፉ፣ ለባለቤትሽም አስቀድመሽ ንገሪው። ብዙ ሴቶች የሚሰጉት ጠብታ ባሎቻቸው እንኳ የማያስተውሉት ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ ኢንፌክሽንና የሆድ ድርቀት ያመጣብሻል፣ የሆድ ድርቀት ደግሞ መገታተሩንም ሽንቱንም ያብሳል።

ለመደንዘዙ እንቅስቃሴ ብዙ አያደርግም ብዬሻለሁ። የሚያደርግ ነገር ግን አለ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ በጸጥታ ሰውነትሽን ከራስ እስከ እግር በእጅሽ እየዳሰስሽ የት እንደሚሰማ፣ የት እንደሚያስጠላ፣ የት እንደሚጣፍጥ ተማሪ። ኤም ኤስ ካርታውን ይለውጠዋል፤ ድሮ የሚያስደስትሽ ቦታ ዛሬ ሊቆጠቁጥ፣ አንገትሽ ወይም ክንድሽ ግን ንቁ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለባለቤትሽ አሳዪው፤ እሱ አሁንም በድሮው ካርታ ነው የሚሄደው። ቂንጥር አካባቢ ከድሮው የበለጠ ጊዜና ጠንከር ያለ ንክኪ ሊፈልግ ይችላል፤ ንዝረት ያለው የማሳጅ መሣሪያም ይረዳል። ለድርቀቱ ፋርማሲ የሚሸጥ ውሃ ነክ ማለስለሻ ግዢ። ቫዝሊንና ቅባት ተዪ፣ ኮንዶም እንዲቀደድ ያደርጋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። እና ይህን መጻፍ ግድ ስለሆነ፦ በልጅነትሽ የተገረዝሽ ከሆነ ሕመሙ ወይም የስሜቱ ማነስ ሁሉ የኤም ኤስ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ የማኅፀን ሐኪም አይታሽ ብትለየው ሕክምናውም ይለያል።

መድኃኒቶችሽንም ዝርዝሩን ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ቅረቢ። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ እርካታን ያዘገያሉ፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ደግሞ እርጥበት ያደርቃል። መለወጥ ወይም መጠን ማስተካከል ይቻል ይሆናል፣ ግን በራስሽ አታቁሚ። ግንኙነቱ ሲመለስ እርግዝናም ይታሰባልና፣ አንዳንድ የኤም ኤስ መድኃኒቶች ለፅንስ አደገኛ ስለሆኑ ያንንም አብረሽ ጠይቂ።

ከሁሉም በላይ ድካሙን እንደ ደመወዝ አስቢው። ቅዳሜን ልብስ አጥበሽ፣ እንጀራ ጋግረሽ፣ ቡና አፍልተሽ፣ እንግዳ ሸኝተሽ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ከባለቤትሽ ጋር ልትሆኚ ስትሞክሪ ኪስሽ ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ጉልበትሽ ነው፣ ፍቅርሽ አይደለም። እሑድ ጠዋት ከእንቅልፍ በኋላ ሰውነትሽ አርፎም ቀዝቅዞም ይገኛል። ቀን መቁረጥ ለብዙ ሰው ያስቃል፤ «በቀጠሮ ነው እንዴ» ይላሉ። አዎ፣ በቀጠሮ። ለዚያ ቀን ደግሞ ከባዱን ስፖርት አትሥሪ፤ አንድ ቀን ቀድሞ ይሁን።

ወይባውን ተዪው። ዘመድሽ ለመልካም ብላ ነው፤ ነገር ግን ከፍሙ በላይ በጋቢ ተሸፍኖ መቀመጥ ላንቺ ሁለት አደጋ አለው። አንዱ ሙቀቱ፣ ስታወሪው የነበረው ሁሉ በአንዴ ይመጣብሻል። ሁለተኛውና የሚያስፈራኝ መደንዘዝሽ ነው፤ ከወገብ በታች የማይሰማት ሴት ቆዳዋ ሲቃጠል አይሰማትም። ሲነሡ ነው የሚታየው። የሙቅ ውሃ ላስቲክም እንዲሁ፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ በእጅሽ ለኪው።

ስለ ጾሙ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ድካሙን ስለሚያብስ፣ መድኃኒትም ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስላለ፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው መላ አላቸው። ስግደትን ግን አልከለክልሽም። ወርዶ መነሣት እኔ ከማሠራሽ የወንበር ልምምድ ጋር ዘመድ ነው። በሰሞነ ሕማማት በተጨናነቀ ቅጽር ውስጥ፣ በፀሐይ፣ በመቶ የሚቆጠር ስግደት ግን አይሁን፤ ቤትሽ፣ በጠዋት፣ በአልጋ ጠርዝ ተደግፈሽ፣ በጥቂቱ።

ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ። ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እሱ ውጭ ይቀመጥ፣ እኔና አንቺ ብቻችንን እናውራ። ከዚያ አስገባዋለሁ፤ ጭንሽን እንዴት እንደሚያላላ በእጁ ይማራል፣ እሱም ለማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይኖረዋል። ጽፈሽ የላክሽልኝን ያንኑ ጥያቄ ደግሞ አትመሽ በቦርሳሽ ያዢው፤ የነርቭ ሐኪምሽ ጋ ስትገቢ መናገር ካቃተሽ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት፤ ያነበዋል።